ሞሊብዲነም ሰልፋይድ ላይ ጉድለት ፈጠርኩ፤ ሃይድሮጅኑን የጨመረው እሱ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

የቂሊንጦዋ

ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ተማሪ ነኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡብ ዳር፣ ቂሊንጦ አካባቢ ባለ ላብራቶሪ ነው። ርዕሴ ውሃን በኤሌክትሪክ ከፍሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት ፕላቲነምን የሚተካ ርካሽ ካታሊስት መሥራት ነው። የመረጥኩት ሞሊብዲነም ሰልፋይድን ነው። አንዱ ሉህ በሁለት የሰልፈር ረድፎች መሃል የተያዘ የሞሊብዲነም ረድፍ ነው። ውፍረቱ አንድ ናኖሜትር እንኳን አይሞላም።

አሠራሬ እንዲህ ነው። የሞሊብዲነም ምንጭ የሆነውን አሞኒየም ሞሊብዴትና የሰልፈር ምንጭ የሆነውን ታዮዩሪያ ውሃ ውስጥ አሟሟለሁ። ቴፍሎን ባለው አውቶክሌቭ (ግፊት የሚችል ጥብቅ ክዳን ያለው ዕቃ) ከትቼ ኦቭን ውስጥ በ200 ዲግሪ አንድ ሙሉ ቀን አቆየዋለሁ። ታዮዩሪያውን ከሚያስፈልገው በላይ ስጨምር ሉሆቹ ቀጫጭንና የተሰነጣጠቁ ሆነው ይወጣሉ። ይሄ በዘርፉ የታወቀ ነው፤ ትርፉ ታዮዩሪያ ሉሁ ላይ ተለጥፎ እንደልቡ እንዳያድግ ይይዘዋል። በ0.5 ሞላር ሰልፈሪክ አሲድ ስለካው፣ 10 ሚሊ አምፔር በስኩዌር ሴንቲሜትር ለመድረስ የሚጠይቀው ትርፍ ቮልት (በንድፈ ሐሳብ ከሚያስፈልገው በላይ የሚጨመረው) ከተራው ናሙና በደንብ ቀንሷል።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። "ጉድለቱ ያመጣው ለውጥ ነው" ብዬ ለመጻፍ ምን ይበቃል? ጉድለት የምለው ሉሁ ላይ አቶም የጎደለበትን ወይም የተሰነጠቀበትን ቦታ ነው። አማካሪዬ የማይክሮስኮፕ ምስሉን አይተው ረክተዋል። እኔ ግን ልቤ አልተቀበለውም። ሉሁ ስለተሰነጣጠቀ የገጽ ስፋቱ ብቻ ጨምሮ ቢሆንስ? መሣሪያ እንደልብ እንደሌለን አስባችሁ መልሱልኝ።

ነባር ኬሚስት

እህቴ፣ የዘርፉን ዋና ጥያቄ ነው ያነሳሽው። ሌላው አንባቢም እንዲከተለን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

ትልቁ የሞሊብዲነም ሰልፋይድ ክሪስታል ለሃይድሮጅን ደካማ ነው። በ1970ዎቹ ተሞክሮ ብዙም ተስፋ አልተጣለበትም። ነገሩን የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2005 ጄንስ ኖርስኮቭ ያሉበት የዴንማርክ ቡድን የሠራው የኮምፒውተር ስሌት ነው። መነሻቸው ናይትሮጂኔዝ የተባለው ኢንዛይም ነበር። ባቄላና አተር ሥር ላይ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙት በሱ ነው። ውስጡ ሞሊብዲነም፣ ብረትና ሰልፈር አለ። የሞሊብዲነም ሰልፋይድ ሉህ ጠርዝም ከሱ ጋር ይመሳሰላል።

ስሌቱ ምን አሳየ? ሃይድሮጅን አቶም ጠርዙ ላይ ሲያርፍ ነፃ ኃይሉ 0.08 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ወደ ዜሮ ቀረበ ማለት ነው፤ የሚፈለገውም ዜሮ ነው። የሳባቲየር መርህ ይሄው ነው፦ ካታሊስቱ ሃይድሮጅኑን አጥብቆ ከያዘው አይለቀውም፣ አላልቶ ከያዘው ደግሞ መጀመሪያውኑ አያሳርፈውም። በሉሁ ሜዳ፣ ማለትም በጠፍጣፋው ገጽ ላይ ግን ቁጥሩ ወደ 2 ኤሌክትሮን ቮልት ይወጣል። እዚያ ሃይድሮጅን ቦታ የለውም።

በ2007 ደግሞ ይሄ በሙከራ ተፈተነ። ተመራማሪዎቹ ወርቅ ላይ ትንንሽ ቅንጣቶች አሳደጉ። በማይክሮስኮፕ እያዩ የጠርዙን ርዝመትና የሜዳውን ስፋት ለኩ። የሃይድሮጅኑ ፍጥነት የሄደው ከጠርዙ ርዝመት ጋር ነው፤ ከስፋቱ ጋር አይደለም።

ትልቅ የገበያ ሕንፃ አስቡ። የሚሸጠው መንገድ ዳር ያለው ሱቅ ብቻ ነው። ውስጥ ያለው ክፍል ሁሉ ተዘግቶ ኪራይ ይበላል። ጉድለት መፍጠር ማለት ውስጥ ያሉትን በሮች መክፈት ነው። ከሜዳው ላይ ሰልፈር ሲነቀል ከሥሩ ያለው ሞሊብዲነም ይጋለጣል፤ ሃይድሮጅንም እዚያ ማረፍ ይችላል። በ2016 የስታንፎርድ ቡድን በአርጎን ፕላዝማ (በኤሌክትሪክ በተሞላ የአርጎን ጋዝ) ሰልፈር ነቅሎ፣ ሉሁንም በመጠኑ ወጥሮ፣ ሜዳው ራሱ እንደሚሠራ አሳየ። ክፍት ቦታው ሲበዛ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል። ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ዜሮን አልፎ ሃይድሮጅኑን አጥብቆ መያዝ ይጀምራል። ስለዚህ "ጉድለት በበዛ ቁጥር ጥሩ ነው" የሚለውን አትቀበይ።

የአንቺ ናሙና ላይ ታዲያ ሦስት ነገር አብሮ ተለውጧል፦ የገጽ ስፋት፣ የጠርዝ ርዝመት፣ የሰልፈር ክፍት ቦታ። የማይክሮስኮፕ ምስል ሦስቱን አይለይልሽም።

ገላን ጋራዥ

ይቅርታ፣ እኔ መካኒክ ነኝ። ይሄ ሞሊብዲነም የምትሉት እኛ መኪና ላይ የምንቀባው ጥቁር ግሪስ ውስጥ ያለው ነው? ቆርቆሮው ላይ ተጽፎ አይቻለሁ።

ነባር ኬሚስት

ራሱ ነው ወንድሜ። ሉሆቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙት በጣም ላላ ባለ ኃይል ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል። ብረት ብረትን እንዳይበላ የሚያደርገው ይሄ ነው። ነዳጅ ማጣሪያዎችም ከኮባልት ጋር አድርገው ሰልፈርን ከናፍጣ ለማውጣት ይጠቀሙበታል። ከግሪሱ ግን ለኛ ሥራ አይወጣም፤ ዘይቱና ሌላው ጭማሪ ኤሌክትሮዱን ይደፍነዋል።

ቡራዩ ናኖ

ወደ ጥያቄሽ ልግባ። መጀመሪያ ስፋቱን ለይ። ምንም ኬሚካዊ ለውጥ በሌለበት የቮልት ክልል በተለያየ ፍጥነት ሳይክሊክ ቮልታሞግራም አንሺ፤ ማለትም ቮልቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለስሽ ከረንቱን መዝግቢ። ከሱ የኤሌክትሮዱን ካፓሲታንስ (ቻርጅ የመያዝ አቅሙን፤ ከገጹ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል) ታገኛለሽ። ከረንቱን ለዚያ አካፍዪው። ከተካፈለ በኋላም ጉድለት ያለው ናሙና ከበለጠ፣ ስፋት ብቻውን እንዳልሆነ ፍንጭ አለሽ።

ፍንጭ ያልኩት በምክንያት ነው። ሰልፈር ሲነቀል የሉሁ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅምም ይቀየራል። ያኔ ካፓሲታንሱ ስፋትን ብቻ አይናገርም። ብዙ ጽሑፎች ይሄን ዘለው ያልፋሉ፤ እኔን በጣም ያሳስበኛል።

ሁለተኛ የታፈል ስሎፑን፣ ማለትም ከረንቱን አሥር እጥፍ ለማሳደግ የሚጠይቀውን ትርፍ ቮልት፣ እይ። የመጀመሪያው እርምጃ፣ ማለትም ሃይድሮጅኑ ገጹ ላይ ማረፉ፣ ከዘገየ ስሎፑ ወደ 120 ሚሊ ቮልት ይሆናል። ሁለተኛው እርምጃ፣ ማለትም ያረፈው ሃይድሮጅን ከሌላ ፕሮቶን ጋር ተጣምሮ መውጣቱ፣ ከዘገየ ወደ 40፣ እንደ ፕላቲነም ሁለት ሃይድሮጅኖች ተገናኝተው የሚወጡበት ከሆነ ወደ 30። ቦታው በቁጥር ብቻ ከጨመረ መስመሩ ይንሸራተታል እንጂ ስሎፑ አይነቃነቅም። ስሎፑ ከወረደ የቦታው ዓይነት ተቀይሯል ብለሽ ለመከራከር መሠረት አለሽ።

ሦስተኛ፣ ጉድለቱን ራሱን አሳዪ። ኤክስፒኤስ (በኤክስሬይ የገጹን አቶሞች የሚለይ መሣሪያ) የሰልፈርና የሞሊብዲነም ጥምርታን ይሰጥሻል፤ ከ2 በታች ከሆነ ሰልፈር ጎድሏል። አንቺ ጋ ግን ወጥመድ አለ። ያልታጠበ ታዮዩሪያ ራሱ ሰልፈር ስላለው ጥምርታውን ከ2 በላይ ሊያወጣው ይችላል። በውሃና በኢታኖል ደጋግመሽ እጠቢ። ራማን (በሌዘር ብርሃን የአቶሞችን ንዝረት የሚያነብ መሣሪያ) ካገኘሽ 384 እና 404 cm⁻¹ አካባቢ ያሉትን ሁለት ጫፎች እይ። ጉድለት ሲኖር ይሰፋሉ። በመሃላቸው ያለው ርቀት ደግሞ የሉሁን ብዛት ይነግርሻል፤ ለአንድ ሉህ 19 ገደማ፣ ለወፍራሙ 25 ገደማ ነው።

ውጭ ልከሽ በከፍተኛ ማይክሮስኮፕ ክፍት ቦታዎቹን ላስቆጥር ብትዪም ተጠንቀቂ። የኤሌክትሮን ጨረሩ ራሱ እያየሽው ሰልፈር ይነቅላል። ምን ያህል ቮልት ተጠቅመው እንዳነሱት ጠይቂ።

ከሁሉ የምወደው ሙከራ ግን መድፈን ነው። ክፍት ቦታዎቹን መልሰሽ በሰልፈር ሙዪ። ናሙናውን በሰልፈር ትነት ውስጥ አሙቂው። ሥራው ወደ ተራው ናሙና ከወረደ፣ ያኔ ጉድለቱ ነበር ማለት ትችያለሽ። ሙቀት ብቻውን ክሪስታሉን ስለሚያስተካክል፣ ሌላውን ግማሽ ያለ ሰልፈር በአርጎን ብቻ እዚያው ሙቀት ላይ አቆዪው። ያለዚህ ማነጻጸሪያ የመድፈኑ ሙከራ ዋጋ የለውም።

የቂሊንጦዋ

ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መድፈን የሚለው ጭራሽ አልመጣልኝም ነበር። ክፍት ቦታውን በፖቴንሽዮስታት (የኤሌክትሮዱን ቮልት በሚቆጣጠረው መሣሪያ) መፍጠር ይቻላል የሚባለውስ? ፕላዝማ የለንም።

ቡራዩ ናኖ

ይቻላል። በ2017 ታይቷል። ኤሌክትሮዱን ወደ ኔጌቲቭ አጥብቀሽ ስትገፊው ሰልፈሩ ከሃይድሮጅን ጋር ተያይዞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ሆኖ ይወጣል። ቮልቱን በመቀየር መጠኑን መቆጣጠር ትችያለሽ። ግን ይሄ ማለት ተራው ናሙናሽም በረጅም ሙከራ ውስጥ ሳታውቂው ጉድለት ሊያፈራ ይችላል ማለት ነው። መጀመሪያ ያነሳሽውንና መጨረሻ ያነሳሽውን መስመር ሁለቱንም አሳዪ።

ሌላው፣ ክፍት ቦታ አየር ላይ ሲቆይ ኦክስጅን ይገባበታል። ናሙናሽን በአርጎን አሽገሽ አስቀምጪ፤ ከዘገየም የቆየበትን ቀን ጻፊ።

ነባር ኬሚስት

አንድ ነገር ሳልጠይቅሽ አላልፍም። ተቃራኒው ኤሌክትሮድሽ ምንድን ነው? ፕላቲነም ሽቦ ከሆነ ሙከራው ሁሉ አጠራጣሪ ነው። ፕላቲነሙ አሲድ ውስጥ ጥቂት በጥቂት ይሟሟል። የሟሟው ሄዶ የአንቺ ካታሊስት ላይ ይለጠፋል። ከዚያ "በሳይክል ብዛት እየነቃ መጣ" ተብሎ ይጻፋል፤ የነቃው ግን ፕላቲነሙ ነው። በዓይን የማይታይ መጠን ይበቃዋል። እንዲህ ያለ ውጤት ታትሞ ሳይ ያመኛል፣ ምክንያቱም ከኋላው የሚመጣው ተማሪ ያንን ቁጥር ለመድረስ ወራት ያቃጥላል።

የቂሊንጦዋ

ጋሼ፣ የግራፋይት ዘንግ ነው። ፕላቲነም የምንጠቀመው ማጣቀሻውን (ቮልቱ ከሱ አንጻር የሚለካበትን ኤሌክትሮድ) ለማስተካከል ብቻ ነው፤ እሱም በሌላ ብርጭቆ።

ነባር ኬሚስት

ተባረኪ። እንግዲያው ውጤትሽ የሚታመን ነው።

ሰበታ ሳይንስ ክበብ

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪ መምህር ነኝ። እዚሁ ክር ላይ ብጠይቅ ይቅር በሉኝ። ከክበቡ ተማሪዎች ጋር ውሃ በኤሌክትሪክ እየከፈልን ሃይድሮጅኑን በተገለበጠ ሲሊንደር ውሃ ላይ እንሰበስባለን። ከረንቱን በጊዜ አባዝተን፣ በፋራዴይ ቁጥር ሁለት እጥፍ አካፍለን፣ አንድ ሞል 24 ሊትር ገደማ ነው ብለን ስናሰላ፣ የምናገኘው ጋዝ ከስሌቱ ከሲሶ በላይ ይበልጣል። አሚሜትሩን ቀይረናል። ሰዓቱንም አረጋግጠናል። ተማሪዎቹ ከየት መጣ ብለው ይጠይቁኛል።

ቡራዩ ናኖ

መምህር፣ ይሄ ግሩም ጥያቄ ነው። ትርፍ ሃይድሮጅን የለም። 24 ሊትር የሚለው ለባሕር ጠለል ግፊት ነው። ሰበታ ከባሕር ጠለል ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ትላለች። የአየሩ ግፊት 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ መጽሐፉ የሚያስበው ግን 101 ነው። በ25 ዲግሪ አንድ ሞል ደረቅ ጋዝ እናንተ ጋ ወደ 32.6 ሊትር ይይዛል። ውሃ ላይ ስለምትሰበስቡ የውሃ ትነቱ 3 ኪሎ ፓስካል ያህል ይጋራል። ያን ስትቀንሱ ወደ 34 ሊትር ይደርሳል።

በቁጥር እንየው። 10 ሚሊ አምፔር ለአንድ ሰዓት 36 ኩሎምብ ነው። በባሕር ጠለል 4.6 ሚሊ ሊትር ደረቅ ሃይድሮጅን ይሰጣል። እናንተ ጋ ሲሊንደሩ ላይ የሚነበበው 6.3 አካባቢ ነው። የተማሪዎቹ ሥራ ትክክል ነው። የዕለቱን ግፊት በስልክ ባሮሜትር ማንበብ ይበቃችኋል። የአየር ትንበያ ላይ ያለውን ግን አትውሰዱ፤ እሱ ወደ ባሕር ጠለል ተስተካክሎ ነው የሚቀርበው።

የቂሊንጦዋ፣ ይሄ አንቺንም ይነካል። ማጣቀሻሽን ሃይድሮጅን እያስነፋሽ ስታስተካክዪ፣ እዚህ ከፍታ ላይ የሃይድሮጅኑ ግፊት 1 ባር አይሞላም። ቮልቱ ወደ 4 ሚሊ ቮልት ይንሸራተታል። ትንሽ ነው። ግን ሁለት ናሙና በ5 ሚሊ ቮልት ተበላለጠ ብለሽ ከጻፍሽ፣ ያ ቁጥር ከዚህ ጋር እኩል መሆኑን እወቂ።

ሰበታ ሳይንስ ክበብ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሰኞ ባሮሜትሩን ራሳቸው እንዲያነቡት አደርጋለሁ።

ቃሊቲ ኢንጂነር

ውይይቱን በደስታ እያነበብኩ ነው። ግን አንድ ሰው ይሄን መናገር አለበት። አልካላይን ኤሌክትሮላይዘር ፕላቲነም አይፈልግም፤ በኒኬል ነው የሚሠራው። ፕላቲነም የሚፈልገው ፒኢኤም የሚባለው የአሲድ ሜምብሬን ዓይነት ነው። እዚያም ቢሆን ትልቁ ማነቆ ኦክስጅን የሚወጣበት ጎን ያለው ኢሪዲየም ነው። የሃይድሮጅኑ ጎን ፈጣን ስለሆነ ጥቂት ፕላቲነም ይበቃዋል። እንግዲህ ሞሊብዲነም ሰልፋይድ የሚተካው ቀላሉን ጎን ነው። አሁን የሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋ ዋት ተመርቋል። ሃይድሮጅን እናምርት ካልን ዛሬ ኒኬል ገዝተን መጀመር እንችላለን። የተማሪ ጉልበት ለምን እዚህ ላይ ይፈስሳል?

ነባር ኬሚስት

ኢንጂነር፣ ስለ ኢሪዲየም ያልከውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ማንም የሞሊብዲነም ሰልፋይድ ተማሪ ይሄን በመግቢያው ላይ ቢጽፍ ደስ ይለኛል።

ሁለት ነገር ልጨምር። የትርፍ ቮልት ጉዳይ የፕላቲነም ዋጋ ብቻ አይደለም። አንድ ኪሎ ሃይድሮጅን ለማውጣት በተግባር 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ እያንዳንዱ 100 ሚሊ ቮልት ትርፍ 2.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። የማዳበሪያ አሞኒያ በብዙ ሺህ ቶን ሃይድሮጅን ነው የሚሠራው፤ ማዳበሪያ ደግሞ እኛ ከውጭ ነው የምናስገባው። ስለዚህ ገጹ ላይ ምን እንደሚሆን ማወቅ የአገር ጉዳይ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ሁለተኛ፣ ርካሽ ካታሊስት በእውነተኛው ማሽን ውስጥ መሥራት እንደሚችል ታይቷል። በ2019 ኮባልት ፎስፋይድ በንግድ ደረጃ ባለ ፒኢኤም ኤሌክትሮላይዘር ውስጥ ከ1,700 ሰዓት በላይ ሠርቷል። ቮልቱ ከፕላቲነም ትንሽ ይበልጣል፤ ግን ጸንቷል።

ቃሊቲ ኢንጂነር

የኃይል ስሌቱን ተቀብያለሁ። ያም ሆኖ ቅድሚያው አልካላይን መሆን አለበት እላለሁ። እህታችን ቢያንስ አንድ ናሙና በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ብትለካው ምን ይላታል?

የቂሊንጦዋ

እለካዋለሁ። እዚያ ውሃውን ራሱን መስበር ስለሚያስፈልግ ሞሊብዲነም ሰልፋይድ ብቻውን ይደክማል። ኒኬል ወይም ኮባልት ቢገባበት ይሻለዋል። ተራውንና ጉድለት ያለውን ጎን ለጎን አወጣዋለሁ።

የሚያስቸግረኝ ሌላው ነገር መብራት ነው። በ200 ዲግሪ አንድ ቀን መቆየት ያለበት ነገር ሌሊት መብራት ጠፍቶ ጠዋት ቀዝቅዞ ይጠብቀኛል። መልሼ ባሞቀው አንድ ዓይነት ነገር ይወጣል?

ቡራዩ ናኖ

አንድ ዓይነት አይወጣም። ሉሁ ማደጉን አቁሞ እንደገና ሲጀምር የጉድለቱ መጠን ይቀየራል። ባትሪ ያለው ርካሽ የሙቀት መዝጋቢ ኦቭኑ ውስጥ አድርጊ። የተቋረጠውን ለብቻው ምልክት አድርጊበት፤ ካልተቋረጠው ጋር አትቀላቅዪው። መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት የሚያልቅ አጠር ያለ ጊዜም ሞክሪ፤ 18 ሰዓት የሚጠቀሙ አሉ።

አውቶክሌቩን ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ፈጽሞ አትክፈቺ። ስትከፍቺም ጭስ ማውጫ ሥር ይሁን። ከውስጡ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። መጠኑ ሲበዛ አፍንጫ ይደነዝዝና ሽታው የጠፋ ይመስላል፤ አደጋው ያኔ ነው። ጭስ ማውጫው ካልሠራ ሥራው ይቅር። ብቻሽንም አትክፈቺ።

ሱሉልታ

ክሩን ከመጀመሪያው አንብቤዋለሁ። እኛ ጋ ቲዩብ ፈርነስ (ጋዝ የሚያልፍበት የቱቦ ምድጃ) አለ፤ አርጎንም አለ። የመድፈኑን ሙከራ እዚህ መሥራት ትችያለሽ። ሰልፈሩን ጋዙ በሚገባበት በኩል፣ ናሙናውን መሃል ላይ እናስቀምጣለን። የሚወጣው ጋዝ በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ያልፋል። ሰልፈር የሚነካው ቲዩብ ለብቻው ነው። ለአርጎን ብቻው ሌላ ቲዩብ አለን፤ አለዚያ የቀረው ሰልፈር ማነጻጸሪያሽን ያበላሸዋል።

የቂሊንጦዋ

እህቴ፣ ምን ላምጣ?

ሱሉልታ

ከአንድ ጊዜ ሥራ የወጣ፣ ያልተቋረጠ፣ በደንብ የታጠበ ናሙና። ለሦስት ክፈዪው፦ አንዱ እንዳለ የሚቀር፣ አንዱ ለሰልፈር፣ አንዱ ለአርጎን። እያንዳንዱን ክፍል እዚያው ከመምጣትሽ በፊት መዝኚው፤ የሰልፈሩን ከሙቀቱ በኋላ እንደገና እንመዝነዋለን። ብልቃጦቹን በአርጎን አሽገሽ አምጪ። ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ፈርነሱ ነፃ ነው። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ፣ መንገዱን እልክልሻለሁ።

የቂሊንጦዋ

እመጣለሁ። ማጠቡን ዛሬ እጀምራለሁ።